ልጃችን «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ሲለን፦ በብሪታንያ ለሕክምና ትምህርት የሚያመለክቱ ወጣቶችን ስለ ማገዝ

በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ «ዶክተር» የሚለው ስም ለልጅ የሚወጣለት ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ልጁ ንቁ መሆኑ ሲታይ አያቱ «የኔ ዶክተር» እያለች ታቆላምጠዋለች፤ እንግዳ ሲመጣም «ሲያድግ ሐኪም ነው የሚሆነው» ይባልለታል። ይህ የፍቅር አጠራር ነውና ክፋት የለበትም። ይሁን እንጂ ያው ልጅ 17 ዓመት ሞልቶት ከማያውቃቸው ሐኪሞችና መምህራን ፊት ሲቀርብ «ሐኪም ለመሆን የፈለግኸው ስለ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚያች ሰዓት የአያት ምርቃትም ሆነ የወላጅ ምኞት መልስ አይሆነውም፤ የሚያስፈልገው የራሱ የሆነ፣ እውነተኛና የታሰበበት ቃል ነው።

በዚህ ትምህርት የብሪታንያን ሥርዓት መነሻ እናደርጋለን። በዚያ ወጣቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ በቀጥታ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ያመለክታል፤ በዚያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም በዚሁ ጉዳይ ሲጨነቁ ይታያሉ። ልናስጨብጥ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የወላጅ ድርሻ ለልጁ መንገዱን መጥረግ እንጂ በልጁ ፋንታ መንገዱን መሄድ አለመሆኑን ነው።

፩. ሥርዓቱን አስቀድሞ ማወቅ

በኢትዮጵያ ያደገ ወላጅ የሚያስታውሰው የማትሪክን ዘመን ነው። ተማሪው ተፈትኖ ውጤቱን ይጠብቃል፤ ወዴት እንደሚመደብም በዋነኛነት የሚወስነው ያገኘው ነጥብ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወላጆች «አንተ ብቻ አጥና፣ የቀረው ይደርሳል» ይላሉ። በብሪታንያ ግን ጥሩ ውጤት በሩን ያንኳኳል እንጂ ብቻውን በሩን አይከፍትም።

ነገሩ የሚጀምረው ልጁ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ለኤ ሌቭል የሚያጠናቸውን ትምህርቶች በሚመርጥበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪን ወይም ባዮሎጂን፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የሚደረግ ምርጫ ኋላ በቀላሉ አይታረምም።

ቀጥሎ ዩካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን የማመዛዘን፣ የውሳኔና የስሌት ችሎታን እንዲሁም በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ሁኔታዎችን አመዛዝኖ መፍረድን ይለካል። የሚሰጠው በበጋ ወራት፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነው፤ አንድ አመልካችም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈተናል። ባንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይጠየቅ የነበረው ቢማት የተባለው ሌላ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2023 በኋላ ቀርቷል። የፈተናው አዘጋጆች የመለማመጃ ጥያቄዎችን በነፃ ስለሚያቀርቡ ወላጅ ውድ የሆነ ልዩ ትምህርት ካልከፈልሁ ልጄን በደልሁ ብሎ አይጨነቅ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ድጋፍ አለ።

ማመልከቻው የሚገባው ዩካስ በተባለው ማዕከላዊ ድርጅት በኩል ነው፤ ለሕክምና የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15 ነው። ለሌሎች ትምህርቶች ቀኑ ወደ ጃንዋሪ ስለሚርቅ፣ የጎረቤት ልጅ ገና ሳያመለክት የእኛ ልጅ ቀን አልፎበት ሊገኝ ይችላል። አመልካቹ ከአምስቱ ምርጫዎቹ ለሕክምና ሊያውላቸው የሚችለው አራቱን ብቻ ነው፤ አምስተኛውን ለሌላ ትምህርት መያዝ ይፈቀድለታል።

፪. ጽሑፉ የልጁ ይሁን

ከማመልከቻው ጋር ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈው መግለጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2026 ትምህርት ለመጀመር ካመለከቱት ተማሪዎች ጀምሮ ይህ ጽሑፍ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፦ ይህን ትምህርት ለምን መረጥህ? ያለፈው ትምህርትህ እንዴት አዘጋጀህ? ከትምህርት ውጭስ ለመዘጋጀት ምን አደረግህ? ሦስቱም ባንድነት ከ4,000 ፊደላትና ምልክቶች ማለፍ የለባቸውም።

እዚህ ላይ የወላጅ ፈተና ይመጣል። የተማረ አጎት ወይም ዘመድ ካለ «ስጠውና ይጻፍልህ» ይባላል፤ በዛሬ ጊዜ ደግሞ ጽሑፍ የሚያመነጩ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ባንድ ደቂቃ ያማረ ገጽ ያወጣሉ። ዩካስ ግን የሚደርሱትን ጽሑፎች እርስ በርሳቸው የሚያመሳክርበት ዘዴ አለው። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው፤ ልጁ በሰው ቃል ተጠርቶ በራሱ ቃል ሊመልስ ይቀመጣል። መርማሪው በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር አንሥቶ «ይህን አስረዳኝ» ባለ ጊዜ፣ ያልኖረበትን ነገር የጻፈ ልጅ ይያዛል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ያድምጥ። ልጁ ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ይጠይቅ፤ ከዚያም «ይህን ስታይ ምን ተሰማህ? ምንስ ተማርህበት?» ብሎ ይጠይቀው። እንግሊዝኛው የማይቀናት እናት እንኳ ይህን ጥያቄ በአማርኛ ልትጠይቅ ትችላለች። ምናልባትም ልጁ ትክክለኛውን መልስ የሚያገኘው ለእናቱ በአማርኛ ሲያስረዳ ነው።

፫. ልምድ የሚገኘው ወዴት ነው?

ብዙ ወላጆች «ሐኪም የሆነ ዘመድ የለንም፤ ልጃችንን ሆስፒታል የሚያስገባልን ማን ነው?» ብለው ያዝናሉ። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የሚሹት ግን ልጁ ምን ያህል ቀን በሆስፒታል እንደ ቆመ ሳይሆን፣ ሰውን ከማገልገል ምን እንደ ተረዳ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በሱቅ ውስጥ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ የታመመ የቤተሰብ አባልን ማስታመም፣ ሁሉም ይቆጠራሉ።

በዚህ ረገድ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ሀብት አለው። አያቱን ይዞ ወደ ሐኪም የሄደ፣ ቃሏን ለሐኪሙ፣ የሐኪሙንም ቃል ለእርሷ ያስተረጐመ ልጅ፣ አንድ ቃል በመሳቱ በሽተኛ እንዴት እንደሚደነግጥ አይቷል። አያቲቱ በልጅ ልጇ ፊት ልትናገረው የምታፍረው ሕመም እንዳለም ተረድቷል። በእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎቱ ሙያዊ አስተርጓሚ እንዲቀርብ የሚመክረው ስለዚሁ ነው። ይህንን ልጅ «ይህ ተራ ነገር ነው» ብሎ እንዳይተወው፣ ነገር ግን አጋንኖም እንዳያወራው ልንመክረው ይገባል።

፬. ለቃለ መጠይቁ መዘጋጀት

የቃለ መጠይቅ ጥሪ ባብዛኛው የሚደርሰው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ልጁን በተከታታይ ጣቢያዎች ያሳልፉታል፤ በእያንዳንዱም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆይና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ባንዱ ጣቢያ ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ በሌላው የተበሳጨ ወይም ያዘነ ሰው መስሎ የሚቀርብ ተዋናይ ያነጋግራል፤ በሌላው ደግሞ አስቸጋሪ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይቀርብለታል። ባንዱ ጣቢያ ቢሰናከል በሚቀጥለው አዲስ መርማሪ ይጠብቀዋልና፣ ያለፈውን ትቶ መቀጠልን አስቀድሞ ይልመድ።

ልጆቻችንን በታላቅ ሰው ፊት ዐይናቸውን ዝቅ እንዲያደርጉና በአጭሩ እንዲመልሱ አድርገን አሳድገናል። ይህ ጨዋነት ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታው ፍላጎት እንደ ማጣት ሊቈጠርበት ይችላል። መድኃኒቱ ልጁን ባሕሉን ማስጣል ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ ሐሳቡን እንዲናገር ማስለመድ ነው። ቡና በሚፈላበት ሰዓት አንድ ጉዳይ አንሥተን «አንተስ ምን ትላለህ?» እንበለው፤ ከእኛ የተለየ አሳብ ቢያመጣም ሳንቈጣ እስከ መጨረሻው እንስማው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ልጆች ተሰብስበው ሐኪሙን «አባታችን ካንሰር እንዳለበት አይንገሩት፤ ይሰበራል» ቢሉት ሐኪሙ ምን ያድርግ? በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለቤተሰብ መነገሩ የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም ከፍቅር የተነሣ ነው። በብሪታንያ ግን ሐኪሙ ግዴታው አስቀድሞ ለበሽተኛው ነው፤ በሽተኛው ራሱ ማወቅ የሚፈልገውን ያህል ሊነገረው፣ ምስጢሩም ያለ ፈቃዱ ለዘመድ እንዳይገለጥ ሊጠበቅለት ይገባል። ልጃችን ሁለቱንም ወገን አስረድቶ፣ «አስቀድሜ አባትየውን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ልጆቹንም ስለ ፍርሃታቸው አነጋግራቸዋለሁ» ለማለት ከቻለ፣ ከሁለት ባሕል መካከል ማደጉ ሸክም ሳይሆን ጥቅም ይሆንለታል።

የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ ስለ ጽንስ ማስወረድ ልጠየቅ እችላለሁ ብሎ ይፈራ ይሆናል። ሕጉን ይወቅ፤ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሚሠራው የ1967ቱ ሕግ በአንቀጽ 4 ሕሊናው የማይፈቅድለት ሐኪም በዚህ ድርጊት እንዳይሳተፍ ይፈቅዳል፤ የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን ወይም ከከባድና ዘላቂ ጉዳት ለመጠበቅ አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ ግን ይህ ነፃነት አይሠራም። የሐኪሞች ተቈጣጣሪ ምክር ቤትም ሐኪሙ በሽተኛዋን ሳይነቅፍ ሌላ ሐኪም የማየት መብት እንዳላት እንዲነግራት ያዛል። ልጁ እምነቱን መደበቅም ሆነ በዚያ ስብከት መጀመር አያስፈልገውም፤ የሚመዘነው ሕጉን በማወቁና ከእርሱ የተለየውን ሰው በማክበሩ ነው።

፭. ለወላጅ የሚቀረው ሥራ

ወላጅ በእጁ ሊሠራው የሚገባ ጉዳይም አለ፤ ይኸውም የወረቀትና የገንዘብ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2025/26 የትምህርት ዘመን የአገር ውስጥ ተማሪ የዓመት ክፍያ ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነበር፤ እንደ ውጭ አገር ተማሪ የሚቈጠር ግን ብዙ እጥፍ ይጠየቃል። ልጁ በየትኛው ወገን እንደሚመደብ የሚወሰነው በመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነትና በነዋሪነቱ ዘመን ነው። በስደተኛነት እውቅና ያገኘ ተማሪ እንደ አገር ውስጥ ተማሪ ሲታይ፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ባብዛኛው አይታይም፤ ስለ እነዚህ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሉ። እንግዲህ ይህን ጉዳይ ከማመልከቻው አንድ ዓመት አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አካባቢዎችና ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ተማሪዎችም አንድ የመዘጋጃ ዓመት ጨምረው በ6 ዓመት የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፤ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅና በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ይጠቀሳሉ።

፮. መልሱ «አይሆንም» ቢሆን

በእንግሊዝ የሕክምና ተማሪዎች ቍጥር በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ፣ ብቁ የሆኑ ብዙ ወጣቶች በመጀመሪያው ዓመት ቦታ ሳያገኙ ይቀራሉ። ይህንን ወላጅ አስቀድሞ ካላወቀ የልጁን ኀዘን በእጥፍ ያከብደዋል። ወሬውን ለዘመድ አዝማድ አስቀድሞ ነግሮ የነበረ ቤተሰብ በተለይ ይፈተናል፤ ልጁ ቦታ በማጣቱ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን «በማሳፈሩ» ጭምር ይሰበራልና። ስለዚህ ማመልከቻው በቤት ውስጥ ይያዝ፤ ለማን እንደሚነገር ልጁ ራሱ ይወስን።

መንገዱም በዚህ አይዘጋም። በጤና ተቋም ወይም በመጦሪያ ቤት አንድ ዓመት ሠርቶ በድጋሚ ማመልከት ይቻላል፤ ሌላ ዲግሪ ይዞ ለተመራቂዎች በተዘጋጀው አጭር ክፍል መግባትም ይቻላል። ደግሞም ልጁ በልቡናው መርምሮ ነርስነትን፣ ፋርማሲን ወይም ፈጽሞ ሌላ ሙያ ቢመርጥ፣ ይህ ውድቀት አይደለም። የተጠራበትን ማወቅ ራሱ ፍሬ ነው። በተቃራኒው የወላጁን ምኞት ተሸክሞ የገባ ልጅ፣ በ3ኛው ዓመት ሸክሙን ጥሎ ቢወጣ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይሆንም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ቃል እንጨምራለን። ወጣቱ ሕፃናትን እንዲያስተምር፣ በሽተኞችን እንዲጠይቅና በጉባኤ ፊት እንዲናገር ዕድል ስጡት፤ ስለ አገልግሎቱ ምስክርነት ብትጠየቁም ያያችሁትን ብቻ፣ ሳትጨምሩ ተናገሩ። ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ሰዓት ብታነጋግሩት፣ ወላጆቹ ሊያደርጉት ያልቻሉትን ልታደርጉለት ትችላላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቤታችን ስለ ልጃችን የወደፊት ሙያ ይበልጥ የሚናገረው ማን ነው? ልጁ ወይስ እኛ?

ለ. ልጃችን ከእኛ የተለየ አሳብ ባመጣ ጊዜ ሰምተነው የጨረስንበት ጊዜ መቼ ነበር?

ሐ. በቁምስናችን ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሰውን የሚያገለግሉበት ምን ቦታ አለ?

መ. ልጃችን ነገ «አልተቀበሉኝም» ብሎ ቢመጣ፣ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ይሆን?