ያገለገለ የሞተር ብስክሌት ዕቃ ስንገዛ

እዚህ ዋራበሌ ማታ ማታ የማስተምራቸው ወጣቶች ሰሞኑን ሒሳቡን እየተዉ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተር ብስክሌት ሆኗል። አይፈረድባቸውም። ዕቃ በማመላለስ ለሚኖር ሰው ሞተሩ ቆመ ማለት የቤቱ ምድጃ ጠፋ ማለት ነው። አዲስ መለዋወጫ የሚገዛበት ፍራንክ ስለሌለው ያገለገለ ይፈልጋል። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ አገር ቤት ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። የማውቀው ከዚያ ያየሁትንና እዚህ ተታልዬ የተማርኩትን ነው።

ተታለልኩ ያልኩት እንዲህ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለሆንዳ ሲጂ 125 ሲሊንደርና ፒስቶን ገዛን። ዕቃው በናፍጣ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ከተገጠመ ጀምሮ ሞተሩ ሲንኳኳ «ይለምዳል» እያልን ዝም አልን። በሳምንቱ ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። መካኒኩ ፈቶ በካሊብሮ ሲለካው ነገሩ ታወቀ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። የገዛነው ግን ተሞርዶ 57 ደርሷል። ፒስቶኑ አናት ላይ ደግሞ 0.25 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም 56.75 ለሆነ ሲሊንደር የተሠራ ማለት ነው። ሻጩ ከሁለት ሞተር የተገኘ ዕቃ አጋብቶ ሸጦልናል። ቁጥሩ ከዓይናችን ፊት ነበር፤ እኛ ግን ያየነው ማብለጭለጩን ብቻ ነው።

ስለዚህ ፒስቶን ስትገዙ መጀመሪያ አናቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ከዚያ አንዱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስቶኑ አናት ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት። የፋሻው ሁለት ጫፎች ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው ደግ ነው፤ ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ተበልቷል። የሲሊንደሩን ውስጥ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ካልተሞረደ በቀር አያገለግልም፤ የመሞረጃው ዋጋ ሲጨመር ደግሞ ርካሽነቱ ይቀራል።

ለካቴና የልጆቻችሁ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይበቃል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የሚበዛው 428 የተባለው ሲሆን፣ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናውን ወጥራችሁ ከአንድ ፒን መሐል ተነሥታችሁ እስከ ሃያ አንደኛው ፒን መሐል ለኩ። አዲስ ከሆነ 25.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 25.9 ከደረሰ ተስቧልና ተዉት። የኮሮናው ጥርስም እንደ ማጭድ ከጎበጠ አዲስ ካቴና ቢገጠምለት እንኳ ቶሎ ይበላዋል።

ጎማ ሲሆን ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አኀዞች ፈልጉ። 2318 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኀዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። የጅቡቲ ፀሐይ ያልተነዳውንም ጎማ ያደርቀዋል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትታለሉ፣ አጥፋችሁ ስንጥቁን ተመልከቱ።

ከባሕሩ የሚመጣው ጨውም ኩሽኔታን ይጎዳል። በጣት ስታሽከረክሩት ከተንኮሻኮሸ ወይም ከያዘ ግራሶ አያድነውም። ሲዲአይ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ በዓይን አይመረመርም፤ በሚሠራ ሞተር ላይ ተገጥሞ ሲነሣ ካላያችሁ ገንዘብ አትስጡ። ያገለገለ የፍሬን ሸራ ግን እኔ በነፃም ቢሰጡኝ አልቀበልም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ መልኩ ይመለሳል እንጂ መያዙ አይመለስም።

ስሙን በገበያው ቋንቋ ማወቅም ይጠቅማል። ካንዴላ እዚህ ቡዢ ነው፤ ካቴና ሼን፣ ፋሻ ሴግማን፣ ኩሽኔታ ሩልማን ይባላል። ያገለገለ ለማለት ኦካዝዮን በሉ። በስሙ የጠየቀ ሰው ዋጋው እንደ እንግዳ አይቆለልበትም።

ሙሉ ሞተር የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀውን አትንኩ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብት ሰጥቶናል፤ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ የተገኘን ግን አያድንም። የሻጩ ስምና የሞተሩ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ አስጽፉ፤ ምስክር የሚሆን ሰውም ይዛችሁ ሂዱ።

ገበያ የምትወጡት በማለዳ ይሁን። ጫት ከገባ በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ አመሻሽ ላይ ሲከፈት ደግሞ በአምፖል ብርሃን የሲሊንደር ጭረት አይታይም።