ትናንሽ ጉርጦችን በቅርብ ሆኖ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚጥለው ዝናም በአማካይ ከ200 ሚሊሜትር አያልፍም ። በአምቡሊ ወንዝ ዳር ያለው የአትክልት ቦታም የሚለማው በጉድጓድ ውሃ ነው ። እንዲህ ባለ ደረቅ አገር ጉርጥ አብዛኛውን ጊዜ ተሸሽጎ ይቈይና ዝናም ሲጥል ለጥቂት ሌሊት ይወጣል ። ጉርጥ ተባይ እየበላ አትክልተኛውን የሚረዳ ፍጥረት ስለ ሆነ የትኛው ዓይነት በየት እንደሚኖር ማወቅ ይጠቅማል ። ዳሩ ግን የደበዘዘ ፎቶግራፍ ለመርማሪው ምንም አይነግረውም ፤ ያመለጠውም ዕድል እስከሚቀጥለው ዝናም አይመለስም ።

በጅቡቲ ከሚታወቁት አንዱ የዶድሰን ጉርጥ ነው ። ቡላንዤ የተባለው ሊቅ በ1895 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም ያሳወቀው ሲሆን በኢትዮጵያ ፥ በኤርትራና በሶማሌም ይገኛል ። ይህንንና መሰሎቹን ለይቶ ለማወቅ አንድ ፎቶግራፍ አይበቃም ። ጀርባው ፥ ጐኑ ፥ ከዓይኑ ኋላ ያለው እጢ ፥ የጆሮው ታምቡርና በእግሩ ጣቶች መካከል ያለው ስስ ቆዳ መታየት አለባቸው ። በአጠገቡ ማስመሪያ ቢቀመጥ መጠኑ ይታወቃል ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከላይ ቆመው በማንሣታቸው ነው ። መሣሪያውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ከጉርጡ ዓይን ጋር ማስተካከልና ጥራቱን በዓይኑ ላይ ማሳረፍ ይገባል ። እንስሳው በተፈጥሮ መጠኑ ልክ በፊልሙ ወይም በመቀበያው ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ሲነሣ ፥ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ እስከ 16 ቁጥር ቢጠብ እንኳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው ። ስለዚህ ጐኑን ለማንሣት ሲፈለግ መላ አካሉ ከሌንሱ ጋር ትይዩ ይሁን ። ቀዳዳውን ከዚህ የበለጠ ማጥበብ ደግሞ ምስሉን ያደበዝዘዋል ።

እርጥብ ቆዳ የፍላሽን ብርሃን እንደ መስተዋት ይመልሳል ። በፍላሹ ፊት ነጭ ስስ ጨርቅ ወይም ወረቀት ቢጋረድና ብርሃኑ ከጐን ቢመጣ የቆዳው ቀለም በደኅና ይታያል ።

በጅቡቲ ልዩ ችግር የሚሆነው ወበቁ ነው ። ከቀዘቀዘ ክፍል የወጣ ሌንስ ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል ። መሣሪያው በተዘጋ ከረጢት ውስጥ እንዳለ የውጭውን ሙቀት እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል መቈየት አለበት ።

ከሁሉ በላይ ለእንስሳው መጠንቀቅ ያስፈልጋል ። ጉርጥ በቆዳውም ይተነፍሳል ፤ ስለዚህ የነፍሳት ማባረሪያ ወይም ቅባት በነካው እጅ አይያዝ ። መያዝ ግድ ሲሆን በንጹሕ ውሃ በራሰ እጅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሁን ፤ ሥራው እንዳለቀም በተገኘበት ቦታ ይለቀቅ ። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሲሄዱ ጫማን ማጠብና ማድረቅ ደግ ነው ። ምክንያቱም የእነዚህን ፍጥረታት ቆዳ የሚያጠቃ ሻጋታ አለ ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በዓለም ላይ ቢያንስ 501 ዓይነቶች በዚሁ በሽታ ተመናምነዋል ።

በመጨረሻ ቀኑ ፥ ሰዓቱና ቦታው ከፎቶግራፉ ጋር ይጻፍ ። ይህ የሌለው ሥዕል ቢያምርም ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው ።