ቅም አያታችሁን ከወሎ አቀስታ እስከ ወመዘክር እንዴት ትፈልጋላችሁ?

ከአድዋ ዘመቻ በፊት ወሎ ውስጥ በለጋምቦ፣ በቦረና ወይም በሳይንት ጎጆ የወጣች ቅም አያት የልደት ካርድ የላትም። ዱካዋ ያለው በሰው ቃል፣ በርስት ቆጠራና በብራና ዳር ነው።

የሚያስፈልጓችሁ፦ ባለመስመር ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።

1. ሐረጉን ጻፉ። ከራሳችሁ ተነስታችሁ ወደ ላይ ውጡ፦ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት። በየስሙ ሥር ሦስት መስመር ክፍት ተዉ።

2. ስሟን ከነአባቷ መዝግቡ። በባሏ ስም አትፈልጓት። አማቷ ያወጣችላት ስም ካለ ለብቻው ያዙት።

3. ከዘመድ በዕድሜ ትልቋ ሴት ዘንድ ሂዱ። ቡና ሲፈላ ድረሱ። ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ።

4. በዘመን ጠይቁ እንጂ ዕድሜ አትጠይቁ። «እማማ፣ ክፉ ቀን ሲገባ አግብታ ነበር? ልጅ አዝላ ነበር?» በሉ። መልሱን ከእነዚህ ዓመታት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጋር አስተያዩ፦
• 1860፦ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱበት
• 1870፦ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ
• ከ1881 እስከ 1884፦ ክፉ ቀን (ታላቁ ረሃብ)
• 1888፦ የአድዋ ጦርነት
• 1909፦ የሰገሌ ጦርነት
• 1911፦ የኅዳር በሽታ

5. ሁለተኛ ስም እንዳላት አጣሩ። ከቦሩ ሜዳ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዝዞ ነበር፤ የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤልም ቀድሞ መሐመድ አሊ ነበሩ። የእስልምናውንም የክርስትናውንም ስም ጠይቁ።

6. ርስት ሲቆጠር የሰማ ሽማግሌ ፈልጉ። ርስት በሴትም በኩል ይወረስ ስለነበር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ተሟጋቹ ሴት አያቱን አይዘልም ነበር። ተጠንቀቁ፤ ለሙግት ሲባል ሐረግ ይቀጠል ነበር። የባላንጣውን ወገን ሽማግሌም ጠይቁ።

7. የአጥቢያዋን ቤተ ክርስቲያን አለቃ ወይም የመስጊዱን ሼህ አነጋግሩ። በወንጌሉ ባዶ ገጽና በቆዩ ኪታቦች ዳር የስጦታ ወይም የውርስ ማስታወሻ ካለ እንዲያዩላችሁ ለምኑ። ብራናውን ራሳችሁ አትግለጡ። ከተፈቀደላችሁ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ።

8. አዲስ አበባ ወመዘክር (ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግቡ። የእሷን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የአገሩን ስምና የባላባቱን ስም ጨምሩ።

9. የፈረንጅ ዓመት ካጋጠማችሁ ቀይሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከጥር ወዲያ 8 ዓመት ቀንሱ። በወሮቹ መጋጠሚያ ላይ ቀኑን አጣሩ።

10. ታሪኳን በአንድ ገጽ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኋላ ማን እንደነገራችሁ አስፍሩ። ሁለት ሰው ያልመሰከረለትን በእርሳስ ብቻ ጻፉት።

11. ገጹን ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው። ሲያርሟችሁ አትከራከሩ፤ እርማቱን ከነተናጋሪው ጨምሩ። ከዚያ ቅጂውን ለዘመድ አዝማድ አድሉ፤ የጎደለውን ስም የሚያውቅ ከመካከላቸው አይጠፋም።