በሺኮኩ ተራራ የአንድ ቀን ጉዞ

ከጃፓን አራት ዋና ዋና ደሴቶች በስፋት የምታንሰው ሺኮኩ ናት። ዙሪያዋን 88 የቡድሃ ቤተ መቅደሶች በቁጥር ተራ ይዘው ቆመዋል። ሁሉንም በእግሩ ሊሳለም የተነሣ ሰው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከ40 እስከ 50 ቀንም ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን ተሳላሚ ጃፓኖች "ሄንሮ" ይሉታል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚዞረው በአውቶቡስና በመኪና ነው፤ የእግሩ ጉዞ ግን አልቀረም። የመንገዱን ጠባይ ለመረዳት ሙሉውን ዙር መከተል አያስፈልግም፤ አንድ ቀን በደንብ ማየት ይበቃል። እኔ የምመርጠው ከ11ኛው ቤተ መቅደስ፣ ከፉጂይዴራ፣ ተነሥቶ 12ኛው ሾሳንጂ የሚደረስበትን ቀን ነው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቤተ መቅደሶች በዮሺኖ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ተቀራርበው ስላሉ ጉዞው ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ገና እግሩ ሳይጠነክር፣ ትከሻውም ሻንጣውን ሳይለምድ ተጓዡ ተራራው ሥር ይደርሳል። ዳገቱ "ሄንሮ ኮሮጋሺ" ይባላል፤ ተሳላሚን የሚያንከባልል ማለት ነው። ርቀቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚያደክመው ቅርጹ ነው። መንገዱ ከሸለቆው ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ያን ሁሉ የለፉበትን ከፍታ ጥሎ ወደ 400 ሜትር ይወርዳል፤ እንደገና ወደ 700 ሜትር ይወጣል። በርካታ ሰው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስድበታል። ሱቅም ምግብ ቤትም ስለሌለ ስንቅ ከከተማው ይያዛል። በየመሐሉ ትንንሽ የጸሎት ጎጆዎች አሉ፤ እረፍት የሚደረገው እዚያ ነው። በመጨረሻው የጸሎት ጎጆ አንድ ግዙፍ ጥድ መሰል ዛፍ ቆሟል፤ ከፊቱም የኩካይ ትልቅ ሐውልት አለ።

ኩካይ ማን ነው? እ.ኤ.አ. ከ774 እስከ 835 የኖረ፣ ሺኮኩ ላይ የተወለደ መነኩሴ ነው። በ804 ወደ ቻይና ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ሺንጎን የተባለውን የቡድሃ እምነት ክፍል በጃፓን መሠረተ። ሕዝቡ ኮቦ ዳይሺ ይለዋል። በዚህ መንገድ ላይ እምነቱ አንድ ነው፦ ማንም ሄንሮ ብቻውን አይሄድም፣ ዳይሺ አብሮት አለ። ይህም በተጓዡ በትር ላይ ተጽፏል። በትሩ ዳይሺን ስለሚወክል ማታ ማረፊያ ሲደረስ ተጓዡ ከራሱ እግር በፊት የበትሩን ጫፍ ያጥባል። ድልድይ ላይም በትሩን አያስመታም፤ ዳይሺ ማደሪያ ቢያጣ ድልድይ ሥር አድሯል ይባላልና ዛሬም ተኝቶ እንዳይቀሰቀስ። የሚለበሰው ነጭ ልብስ ደግሞ የመገነዣ ቀለም ነው። በድሮ ዘመን በመንገድ የሞተ ተሳላሚ በለበሰው ልብስ ይቀበር፣ በትሩም በመቃብሩ ላይ ምልክት ሆኖ ይተከል ነበር። ተጓዡ ገና ከቤቱ ሲወጣ ሞቱን ለብሶ ነው የሚወጣው።

ከዳገቱ በላይ ከባድ የምለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መቀበል። በሺኮኩ የመንገድ ዳር ነዋሪ ለሄንሮ መንደሪን፣ ሻይ፣ የሩዝ ጉርሻ፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይሰጣል። ይህ ስጦታ "ኦሴታይ" ይባላል። ሰጪው የሚያምነው ለዳይሺ ራሱ እንደሰጠ፣ እሱ መሄድ ባይችል እንኳ የጉዞው በረከት እንደሚደርሰው ነው። ስለዚህ ስጦታውን መመለስ ነውር ነው። በራሴ ጉልበት ልሂድ ብሎ የወጣ ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ያልለመነውን፣ ብድሩን ሊመልስለት ከማይችለው ሰው፣ በሁለት እጁ መቀበል አለበት። በምላሹ የሚሰጠው ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው። የወረቀቱ ቀለም ዙሩን ስንት ጊዜ እንደፈጸመ ይናገራል፤ ለጀማሪ ነጭ ነው፣ ከ100 ዙር በላይ የሄደ ደግሞ በጌጠኛ ጨርቅ የተሠራ ይይዛል። ያን የሚያገኝ ሰው እንደ ትልቅ በረከት ያስቀምጠዋል።

ሾሳንጂ ሲደረስ ሥርዓቱ ረጋ ያለ ነው። በሩ ላይ እጅ ይነሣል፤ እጅና አፍ ይታጠባል፤ ደወል ይደወላል። ከዚያ ሻማና ሦስት ዕጣን በርቶ፣ የስም ወረቀቱ ተጨምሮ፣ በዋናው አዳራሽ ጸሎት ይደረሳል፤ በዳይሺ አዳራሽም ይደገማል። በመጨረሻ በመዝገብ ደብተሩ ላይ ቀይ ማኅተም ይመታበታል፣ የቤተ መቅደሱም ስም በብሩሽ ይጻፍበታል። ማኅተም የሚመታበት ክፍል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ከፉጂይዴራ በማለዳ መነሣት ግድ ነው።

ከሾሳንጂ በታች፣ በቁልቁለቱ ላይ፣ ጆሺንአን የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ኤሞን ሳቡሮ የተባለ ባለጸጋ ሊለምን የመጣውን መነኩሴ አባረረው፣ የልመና ሳህኑንም ሰበረበት። ከዚያ በኋላ ስምንት ልጆቹ ተከታትለው ሞቱ። መነኩሴው ዳይሺ እንደነበር ሲገባው ይቅርታ ሊለምነው ደሴቲቱን 20 ጊዜ ዞረ፤ አላገኘውም። በ21ኛው ዙር አቅጣጫውን ገልብጦ ሄደ፤ እዚህ ተራራ ሥር ወድቆ ሊሞት ሲያጣጥር ዳይሺ ከፊቱ ቆመ፣ ይቅርም አለው። ለመንገደኛ መስጠትን ደሴቲቱ አጥብቃ የያዘችው ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው ጥፋት አንድ ሳህን ምግብ መንፈግ ነበርና።

ዛሬም በጃፓን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት ዓመት ብዙ ሄንሮዎች ከ88 ወደ 1 ገልብጠው ይሄዳሉ፤ በዚያ ዓመት የሚገኘው በረከት ይበልጣል ይባላል። የመንገድ ምልክቶቹ በአብዛኛው የተተከሉት ግን ከ1 ወደ 88 ለሚሄድ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከ1 ቢጀምር፣ ለዚህ ተራራም ሙሉ ቀን ቢመድብለት ይሻላል።