አርነታችን ለወንድማችን ዕንቅፋት እንዳይሆን

አንባቢ ሆይ፥ ክርስቲያን አርነት የወጣ ሰው ነው። ነገር ግን አርነት የወጣው ለምንድር ነው? ደስ ያለውን ሁሉ ያደርግ ዘንድ ነውን? ወይስ ባልንጀራውን በፍቅር ያገለግል ዘንድ? ስለዚህ ነገር ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 8 እና 10፥ ወደ ሮሜም ሰዎች በላከው በምዕራፍ 14 በሰፊው አስተምሮአል። እኛም ትምህርቱን ከአገራችን ኑሮ ጋር አስተያይተን እንመርምረው።

በቆሮንቶስ ከተማ ለጣዖት ከተሠዋው ሥጋ የተረፈው በገበያ ይሸጥ ነበር። ከክርስቲያኖቹ አንዳንዶቹ፥ ጣዖት ከንቱ ስለ ሆነ ሥጋው አያረክሰንም ብለው ይበሉ ነበር። ሌሎቹ ግን ቀድሞ ጣዖት ያመልኩ ነበርና፥ ከዚያ ሥጋ ቢበሉ ኅሊናቸው ይቈስል ነበር። ጳውሎስ የፊተኞቹን ዕውቀት ሐሰት ነው አላለም። ነገር ግን ክርስቶስ የሞተለት ወንድም በእነርሱ ዕውቀት ምክንያት እንዳይጠፋ አስጠነቀቃቸው፤ እርሱም ራሱ፥ መብሉ ወንድሙን የሚጥለው ከሆነ ሥጋ መብላትን ፈጽሞ ሊተው ቈረጠ።

በእኛ አገር ገበያ የጣዖት ሥጋ አይሸጥም፤ ይሁን እንጂ የመብል ነገር ከኅሊና ጋር እጅግ የተሳሰረ ነው። በመራዊ፥ በቡሬ፥ በፍኖተ ሰላምም ጾምን የሚጠብቁ ሰዎች፥ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብን፥ ደግሞም የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋና ወተት፥ ቅቤና ዕንቁላል ሳይቀምሱ ያሳልፋሉ። አሁን አንድ ወጣት በባሕር ዳር ሲማር፥ ሰው በመብል አይጸድቅም ብሎ አመነ እንበል። በዐቢይ ጾም ወደ መራዊ ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ፥ ሽሮው ቀርቦለት ሳለ፥ ዕንቁላል ካልተጠበሰልኝ አለ። እናቱ ለጾሙ ብላ ባጠበችው ዕቃ እያዘነች ጠበሰችለት። ታናሽ ወንድሙም ጾም መግደፍ ኀጢአት እንደ ሆነ በልቡ እያመነ፥ ኋላ ቀር እንዳይባል ፈርቶ አብሮት በላ።

አንባቢ ሆይ፥ ጕዳቱ ወዴት እንዳለ አስተውል። ዕንቁላሉ ብላቴናውን አላረከሰውም። ነገር ግን፥ እግዚአብሔር ከልክሎኛል ብሎ የሚያምነውን ነገር ስለ ሰው ሐሜት ማድረግን በዚያች ማዕድ ተማረ። ዛሬ በመብል ነገር ኅሊናውን መርገጥ የለመደ ሰው፥ ነገ በሐሰት ለመመስከር ወይም የሰው ገንዘብ ለመውሰድ ሲፈተን ኅሊናውን ይሰማ ይሆንን? ታላቁ በአርነቱ ጠገበ፤ ታናሹ ግን ጠባቂውን አጣ።

የመጠጥም ነገር እንዲሁ ነው። በሜጫ አገር ከዳጉሳ ጠላና አረቄ ይወጣል። አንተ አንድ መለኪያ ቀምሰህ ትተው ይሆናል። ከአጠገብህ የተቀመጠው ሰው ግን ከስካር ሊወጣ የሚታገል፥ ልጆቹንም ያስራበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው፥ በሞቴ አንድ ብቻ እያልህ ብታስገድደው፥ አክብሬው ነው ብትልም ገደል ሰደድኸው። እንኪያስ በፊቱ ራስህ መተው፥ ለእርሱም ውኃ ማቅረብ እውነተኛ እንግዳ መቀበል ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። ውኃው በቦይ ሲወርድ አስቀድሞ የሚያገኘው የላይኛው ገበሬ ነው። የውኃው ተካፋይ ስለ ሆነ ማሳውን ማጠጣቱ በደል አይደለም። ነገር ግን መብቴ ነው ብሎ ቦዩን ሁሉ ወደ ማሳው ቢመልሰው፥ የታችኛው ገበሬ ቡቃያ ይደርቃል። አርነትም እንደዚሁ ነው፤ በእኛ ማሳ ያልፋል እንጂ በእኛ ማሳ አያልቅም።

እንግዲህ የሰው ወቀሳ ሁሉ ይግዛን ማለት ነውን? አይደለም። ማስከፋትና ማሰናከል አንድ አይደሉም፤ ማሰናከል ማለት ሰውን ኅሊናው ወደሚከለክለው ነገር መጐተት ነው። ጳውሎስ በአይሁድ ዘንድ ዕንቅፋት እንዳይሆን ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ ይህም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ተጽፎአል። በገላትያ ምዕራፍ 2 ግን፥ መገረዝን እንደ ግዴታ ሊጭኑ ለሚሹት እንዳልታዘዘ፥ ቲቶም ይገረዝ ዘንድ እንዳልተገደደ እናነባለን። ስለ ፍቅር ሲሆን መተው አርነት ነው፤ የመዳን ዋጋ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን እንቢ ማለት ይገባል። ስለዚህ ያ ወጣት እናቱ ስለ እምነቱ ብትጠይቀው ሳይዋሽ በትሕትና ይንገራት፤ ሽሮዋን ግን በደስታ ይብላላት። የሚጾመውም የማይጾመውን አይፍረድበት፤ ሁለቱም በአንድ ጌታ ፊት ይቆማሉና።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ በመብልም ቢሆን፥ በመጠጥም፥ በንግግርም ቢሆን፥ አርነትህን ከመጠቀምህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ይህ ነገር ለእኔ ተፈቅዶአልን? ለሚያየኝስ ይጠቅመዋልን? ብተወው የማጣው ምንድር ነው? ብይዘውስ ወንድሜ የሚያጣው ምንድር ነው? አንተ የምታጣው አንድ ጕርሻ፥ እርሱ የሚያጣው ግን ነፍሱ ከሆነ፥ ፍቅር የትኛውን እንደሚመርጥ ታውቃለህ። ክርስቶስ ስለ እኛ ክብሩን ከተወ፥ እኛ ስለ ወንድማችን አንድ ማዕድ መተው ሊከብደን አይገባም።