ከስትራቶስፌር ወደ ሰፈር

ማሪዮ ሞሊና እ.ኤ.አ. በ1995 የኬሚስትሪ ኖቤልን ሲሸለሙ 52 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜና በዚያ ክብር ብዙ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። እኚህ ሜክሲኳዊ ኬሚካል ኢንጂነር ግን የተወለዱባትን ከተማ ጭስ ሊያጠኑ ተነሡ። “የእኔ ጊዜማ አልፏል” የምትሉ ወዳጆቼ፣ የሳቸውን ነገር ላጫውታችሁ።

ሞሊና በ1943 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቤተሰቡ እምብዛም የማይገለገልበትን መታጠቢያ ቤት ላቦራቶሪ አደረጉት። ኬሚስት የነበሩት አክስታቸው ኤስተር ሞሊናም ከበድ ባሉት ሙከራዎች ያግዟቸው ነበር። እኚህን አክስት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም፤ ልጅ ሲጠይቅ “አርፈህ ተቀመጥ” የማይል አንድ ዘመድ ትልቅ ሀብት ነው። አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የሜክሲኮ አምባሳደር ሆነው በኢትዮጵያ አገልግለዋል። ልጃቸው በሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምረው ወደ ጀርመን፣ ቀጥሎም ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ።

በ1974 ከኬሚስቱ ሼርዉድ ሮውላንድ ጋር ሆነው፣ በማቀዝቀዣና በሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ ያለው ጋዝ እስከ ስትራቶስፌር ወጥቶ የኦዞን ሽፋንን እንደሚበላ ጻፉ። አምራቾቹ አጥብቀው ተከራከሯቸው። ዓለም በሞንትሪያል ስምምነት ጋዙን ለመገደብ የተስማማው በ1987 ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ሥራችሁ በአንድ ዓመት ፍሬ አላፈራም ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ፣ ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከኖቤሉ በኋላ ያለው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ተከብባ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በደንብ ያልተስተካከለ ሞተር ነዳጁን አሟጥጦ ማቃጠል አቅቶት ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥላሸት ይተፋል። በቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ ሞቃት አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ይገጥምና ጭሱን እታች ያፍነዋል። ፀሐይ ስትበረታ ከመኪናው ጭስና ከነዳጁ ትነት ኦዞን ይፈጠራል። ሰማይ ላይ ሆኖ የሚጠብቀን ያው ኦዞን፣ መንገድ ላይ ሲሆን ሳንባ ያቆስላል።

ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከገበያ ማስወጣትና በአዳዲስ መኪኖች ላይ የጭስ ማጣሪያ ማስገጠም የተጀመረው ከኖቤሉ በፊት ነው። ሞሊና ከተመራማሪዋ ሉይሳ ሞሊና ጋር ሆነው በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የከተማዋን አየር የሚያጠና ፕሮጀክት ሲያቋቁሙ ግን ለኬሚስትሪ ብቻ አልተውትም፤ ሐኪሙን፣ የኢኮኖሚ ባለሙያውን፣ የትራንስፖርት ዐዋቂውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በ2003 ላቦራቶሪ የተጫነበት መኪና በከተማዋ ጎዳናዎች አውቶቡሶችንና ታክሲዎችን እየተከተለ ጭሳቸውን ለካ። በ2006 ሚላግሮ በተባለው ዘመቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች በምድርም በአውሮፕላንም የከተማዋን አየር መረመሩ። ከኖቤል ገንዘባቸውም 200,000 ዶላር ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ሳይንቲስቶች አካባቢን እንዲያጠኑበት ሰጡ።

ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው ስለ ሰማይ ሁሉን ያውቁ ነበር። ስለ አውቶቡስ መስመርና ስለ ነዳጅ ዋጋ ግን ከሌሎች መማር ነበረባቸው፤ ተማሩም። በሙያው አንቱ የተባለ ሰው እንደገና ደብተር ሲገልጥ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ያላችሁን ዕውቀት መጣል ሳያስፈልጋችሁ አቅጣጫውን ብቻ አዙራችሁ አዲስ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ።

አዲስ አበባም ከሜክሲኮ ሲቲ ትንሽ ከፍ ብላ፣ በእንጦጦ ግርጌ ተቀምጣለች። የአየሩ መሳሳት እኛም ዘንድ አለ፤ ያረጀ ናፍጣ መኪናው፣ የእንጀራው ማገዶ፣ የከሰሉ ጭስ ደግሞ የራሳችን ነው። ከፀጉራችን ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚቀጥነው ብናኝ በአፍንጫችን አልፎ እስከ ሳንባችን ጥግ ይደርሳል። ማለዳ መርካቶ ላይ ከሚንሳፈፈው ስንቱ ከናፍጣ፣ ስንቱ ከከሰል፣ ስንቱ ከአቧራ ነው? ክረምቱ አባርቶ ደመራ ሲለኮስ የከተማው አየር በስንት ሰዓት ይጠራል? ታክሲ ተራ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ተራ አስከባሪ ምን ያህሉን ይተነፍሳል? ኬሚካልም፣ ሜካኒካልም፣ ሶፍትዌርም ተማሩ፣ በነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ለእናንተ የሚሆን ሥራ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እያፈላለጋችሁ ከሆነ፣ አንዱን መርጣችሁ ነገ ጠዋት የአማካሪያችሁን በር አንኳኩ።