ጂኦሎጂና የቆቦ ሜዳ ውሃ

ጂኦሎጂ ማለት የመሬትን አፈጣጠር የሚመረምር ትምህርት ነው። ይህንኑ ትምህርት እስከ ማስተር ዲግሪ ድረስ ለመከታተል ማሰቤን ለቤተሰቤ በነገርሁ ጊዜ፣ እናቴ «ስድስት ዓመት ተምረህ ድንጋይ ልትለቅም ነውን?» አሉኝ። አባቴ ግን ዝም አሉ፤ የዝምታቸውንም ምክንያት ዐውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ አንድ በሬ ሸጠው በማሳችን ላይ 22 ክንድ ጉድጓድ አስቆፈሩ። የወጣው ጭቃ ነበር፤ ያቆረውም ጥቂት ውሃ ጥር ሳይገባ ደረቀ። ከዚያ 300 እርምጃ ያህል የሚርቀው የጎረቤታችን ጉድጓድ ግን ዛሬም ይቀዳል። ሰዉ ሁሉ «ዕድል ነው» አለ።

ነገሩ ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም። በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። የአፋር ምድር እየተሰነጠቀ ዝቅ ሲል የእኛም ሜዳ በእነዚህና በዞብል ተራሮች መካከል ሰምጦ ቀረ። ጎሊናና ሆርማት በየክረምቱ የሚያወርዱት ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃም ጎድጓዳውን ሞላው። ጎርፍ ኀይሉ ሲደክም አስቀድሞ ጠጠሩን ይጥላል፤ ጭቃውን ርቆ ይወስደዋል። ወንዝም መንገዱን ይለውጣልና የቀድሞው መንገድ ጠጠር በጭቃ ተቀብሮ ይቀራል። ጠጠር ውሃን እንደ ልብ ያሳልፋል፤ ጭቃ ግን ቢይዝም አይለቅም። እንግዲህ ጎረቤታችን የቆፈሩት ከተቀበረ ወንዝ ላይ ይመስለኛል።

ይህን ሳይቆፍሩ መለየት ይቻላል። ባለሙያዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይሰዳሉ፤ ጭቃ በቀላሉ ያሳልፈዋል፣ ጠጠር ይቋቋመዋል፤ ከልዩነቱም ከሥር ያለው ይገመታል። የአባቴ በሬ ከመሸጡ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው በቀበሌያችን አልነበረም።

የመጀመሪያው ዲግሪ ድንጋይና አፈርን ለይቶ ማወቅ ያስተምራል። ማስተር ዲግሪ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ አንድን ቦታ መመርመር ነው፤ ለዚህም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ተመኝቻለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በቆቦና በጊራና ሜዳ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማባቸዋል። በየዓመቱ የሚሳበው ውሃ ስንት ነው? የተራራው ዝናብስ ስንቱን ይተካል? አያቴ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወደ ቆረም ሲሰደዱ የረገጡት መሬት ከሥሩ ውሃ ነበረው፤ ያን ጊዜ አላወቅንም፤ አሁን ዐውቀን ብንጨርሰው ምን ይባላል?

አባቴ ያን ጉድጓድ አልደፈኑትም። በእንጨት ከድነው፣ እሾህ አጥረውበት ትተውታል።